ሃያ ሁለት ኪስ ያለው ከረጢት

በኛ ጊዜ ሴት ወደ ሰማይ የምታንጋጥጠው ለሁለት ነገር ነበር፤ አንድም ለጸሎት፣ አንድም ልብስ አጥባ አስጥታ ዝናብ ሊመጣባት ሲል። ምን ያስቅሻል? እውነቴን እኮ ነው። ሄለን፣ ስልክሽ እየቀዳ ነው? አስጠጊው እንጂ፣ ኋላ “እትዬ አስካለ አልተሰማም፣ ይድገሙልኝ” ብትዪኝ አልደግምም። ደግሞ “በኛ ጊዜ” ስልሽ የሞተ የተቀበረ ነገር እንዳይመስልሽ፣ እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጊዜዬም ገና አላለቀም። ያቺ የምታንጋጥጠው ሴት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርትመንቷ ውስጥ ሮኬት ሠርታ፣ በረሃ ወስዳ ተኩሳለች። አዎ ሮኬት! በዚህ በእጄ!

አያትሽ ጋሽ ታምራት ያው እዚያ ጥግ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ተቀምጠዋል። ይስሙ። የማይሰሙ መስለው ነው የሚሰሙት፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ሲነዱ ከኋላ የሚወራውን ሁሉ እንደዚያ እያደረጉ ነው የኖሩት። እሳቸውም በታሪኩ ውስጥ አሉበት፣ የተሳሳትኩ እንደሆነ ያርሙኛል። አይደለም ጋሽ ታምራት? አየሽ፣ ጋዜጣውን ከፍ አደረጉት። ልቀጥል።

ታዲያ ነገሩ የጀመረው እዚህ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እኔ እዚያ አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ የሠራተኛ ዩኒፎርም የሚጠገንበት ክፍል ነበር የምሠራው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ጠዋት ቀዩን ባቡር እይዛለሁ፣ ከዚያ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ፣ እና ቀኑን ሙሉ ዚፕ ስቀይር፣ ቁልፍ ስተክል፣ የሱሪ እግር ሳሳጥር እውላለሁ። ታዲያ ዳን የሚባል የሆቴሉ ሜንቴናንስ፣ የተበላሸ ዕቃ ጠጋኝ ነበር፣ ረጅም፣ አንድ እግሩን የሚያመው፣ ሰው አክባሪ ፈረንጅ። አንድ ቀን የተቀዳደደ ብርቱካንማ ናይለን ታቅፎ መጣ።

“አስካለ፣ ይቺን ትሰፊልኛለሽ?”

“ምንድነው ይሄ? ድንኳን ነው?”

“ፓራሹት ነው።”

“አንተ! በዚህ እግርህ ከአውሮፕላን ልትዘል?”

“ለኔ አይደለም፣ ለሮኬቴ ነው።”

“የምን ሮኬት? ጦርነት አለ እንዴ?”

ሳቀ ሳቀና እንባውን ጠረገ። ከዚያ አስረዳኝ፤ ጡረታ የወጣው፣ መምህሩ፣ መካኒኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰቡና የሰው ቁመት የሚያህል፣ ከዚያም የሚበልጥ ሮኬት ይተኩሳሉ፣ ለጦር አይደለም፣ ለደስታ። ወደ ላይ ይወጣል፣ ፓራሹት ይዘረጋል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አንስተው ይዘው ይገባሉ። በቃ። እኔ በሆዴ “ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው” አልኩ። ግን ስፌት ስፌት ነው፣ ሰፋሁለት፣ ስፌቱን ድርብ አድርጌ፣ ገመዱ የሚያያዝበትንም ደጋግሜ ወጋሁት። ቅዳሜ “ነይና እይ” አለኝ። ትልቁን ድልድይ ተሻግረን፣ የሜሪላንድ ገጠር፣ አንድ ገበሬ እርሻ ላይ ወሰደኝ።

ሄለን፣ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ። ቆጠሩ፣ እና “ፏሽሽሽ!” ሲል እኔ “እመቤቴ ማርያም!” ብዬ የዳንን ክንድ ይዤ ቀረሁ። ቀና ብል የለም። ሰማዩ በላው። ከዚያ “ያውና!” አሉ፣ ሳይ ያ ብርቱካንማ ናይለን ተዘርግቷል፣ የሰፋሁት ጥግ ፀሐይ አርፎበታል። ሰዉ ሮኬቱን ነው የሚያየው፣ እኔ ግን ስፌቴን ነው የማየው። ያን ሁሉ ዓመት ምድር ቤት ውስጥ የሰፋሁትን አንድ ሰው ቀና ብሎ አይቶልኝ አያውቅም፣ ያን ቀን መቶ ሰው አንጋጦ ስፌቴን አየ። ደስታው አስለቀሰኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ “ዳን፣ ሴት ይከለከላል?” አልኩት። “ኧረ አይከለከልም” አለኝ። አለቀ፣ ገባሁበት።

ሦስት ላይሰንስ አለው ይሄ ነገር። ትንሹን ሮኬት ለመተኮስ አንደኛው፣ ከፍ ላለው ሁለተኛው፣ ለትልቁ ሦስተኛው። ሁለተኛው ፈተና አለው፣ በጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ። ልጄ “እማዬ ይቅርብሽ” ስትለኝ ብሽቅ ብዬ አጠናሁና በአንዴ አለፍኩ። ሦስተኛው ግን ሮኬቱን ራስሽ ሠርተሽ፣ ራስሽ ተኩሰሽ፣ አንድም ነገር ሳይሰበር መልሰሽ ማምጣት አለብሽ። ከተሰበረ የለም። ደግሞ እዚህ አይሆንም፣ እዚህ ሰማይ ላይ አውሮፕላኑ እንደ ሚኒባስ ተሰልፎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወደ ምዕራብ፣ ኔቫዳ በረሃ። ያን ላይሰንስ እንዴት እንደፈለግሁት! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ “አርፈሽ ተቀመጪ” ይለኛል። ማረፍ አልፈለግሁም ነበር። “አስካለ ይሄን ሠራች” የሚል ወረቀት ነበር የፈለግሁት።

ሁለት ዓመት ሠራኋት። ስሟን “መርፌ” አልኳት፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ ከዚህ በር የምትበልጥ፣ ከሶፋዬ ጀርባ ነው የምትተኛው። ፓራሹቷንም ከብርቱካንማ ናይለን ራሴ ለክቼ፣ ራሴ ቀድጄ፣ ራሴ ሰፋሁት። እሷን ይዤ ስወጣ ሊፍቱ አይበቃትም፣ እና በደረጃ ሳወርዳት ጎረቤት ሁሉ አየ። ታዲያ በእድሩ ስብሰባ አያትሽ ተነሡና፣ ልክ እንዲህ ብብታቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው፣ “ጎበዝ፣ ይቺ ሴትዮ ጨርቋን ልትጥል ነው፣ አንድ ነገር ይባል! በዚህ ዕድሜዋ እንደ ሕፃን ርችት ትተኩሳለች፣ ነገ ሕንፃውን ብታቃጥል እድሩ ነው የሚሰደበው!” አሉ። አላሉም? ብለዋል! ሰዉ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። “ጋሽ ታምራት፣ እርስዎ ታክሲ ሲነዱ ‘ሕንፃ ይገጫሉ’ ያለዎት አለ?” ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን እንግዲህ ጥፋቴ ጋ ደረስን። አልደብቅሽም፣ ጥፋት ነው። ጉዞው ሲቃረብ የሺ፣ እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ መጣችና “እትዬ፣ ይቺን ብቻ ሰማይ አድርሰሽ መልሺልኝ” ብላ ከገዳም ያመጣችውን ድንጋይ ሰጠችኝ። ድንጋይ! ሮኬት ላይ! “የሺ፣ አይቻልም” ማለት ነበረብኝ። ግን ዓይኗን ሳይ እንዴት ልበል? “እሺ” አልኳት። ታዲያ የሺ ዝም ትላለች? በማግስቱ ሌላዋ መጣች፣ የናዝሬት ቤቷን ቁልፍ ይዛ፣ ቤቱ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ። አንዱ የልጁን የመጀመሪያ ጫማ፣ አንዷ የጠበል ጠርሙስ፣ አንዱ ይሄን የሚያህል የናስ መስቀል። የአንዷን ተቀብዬ የሌላውን ልመልስ? ምን ይሉኛል? “ለየሺ ሲሆን ይቻላል፣ ለኛ ሲሆን አይቻልም” ሊሉኝ ነው። ለሁሉም “እሺ፣ እሺ፣ እሺ” አልኩ። ፈረንጅ ቢሆን “ኖ” ብሎ በሩን ይዘጋል፣ እኔ ግን “እሺ” እያልኩ ሃያ አንድ ዕቃ ሰበሰብኩ።

ሃያ ሁለተኛው አያትሽ ናቸው። ይሄን የምነግርሽ እሳቸው ራሳቸው ስላወጡት ነው፣ ትደርሺበታለሽ። አንድ ከሰዓት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ልብስ ሳጥፍ መጡ፣ ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ፣ ናፕኪን ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ማድረቂያው ላይ አስቀመጡ።

“ይሄ… የአንድ ሰው ነው።”

“የማን?”

“የአንድ ሰው ነው አልኩሽ።”

ፈታሁት። ደረት ላይ የሚሰካ የብር ክንፍ ነው፣ ግን አንድ ጎን ብቻ፣ ግማሽ ክንፍ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የኔ ነው። የበረራ ተማሪ ነበርኩ። ሁለተኛውን ጎን የሚጨምሩልን ስንመረቅ ነው። ሊያስመርቁን ሦስት ወር ሲቀር አገሩ ተበጠበጠ፣ እኔም እግሬ አውጪኝ አልኩ። አስካለ፣ ብቻዬን የበረርኩት አንድ ቀን ነው፣ አንድ ጠዋት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሰው ኤርፖርት እያደረስኩ ነው የተመለስኩት። ለማንም እንዳትነግሪ” አሉኝ። አንጀቴን በሉኝ። ለካ ሲሰድቡኝ የነበረው ሰማዩ የእሳቸው ስለነበር ነው።

ታዲያ ሃያ ሁለት ኪስ ያለው ከረጢት ሰፋሁ፣ በየኪሱ ላይ የባለቤቱን ስም በክር ጠለፍኩ፣ የአያትሽን ብቻ ያለ ስም። ቆንጆ ሥራ ነበር፣ ይሄን አልክድም። ግን የት ላስገባው? ራሷ ጋ ከፍታ የሚለካው ትንሽ ኮምፒውተርና ሌላው ዕቃ ሞልቶታል፣ መሃሏ ፓራሹት ነው። ጅራቷ አካባቢ ክፍት ቦታ ነበር፣ እዚያ ጠቅጥቄ አሰርኩት። አየሽ፣ ሮኬት አናቱ ከበድ፣ ጅራቱ ቀለል ማለት አለበት፣ ያለዚያ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ይዞራል፣ ዞሮ ደግሞ ሰው ወዳለበት ሊመጣ ይችላል። ይሄን አውቃለሁ፣ ፈተናው ላይ መልሼዋለሁ! እኔና ዳን በገመድ አንጠልጥለናት እኩል የምትቆምበት ቦታ ላይ ቀይ ክር አስረን፣ ክብደቷን መዝነን፣ ወረቀቱን ሞልተን ጨርሰናል። ከረጢቱን ከዚያ በኋላ ነው ያስገባሁት፣ ለዳን ሳልነግረው። “ትንሽ ነገር ናት፣ ምን ታደርጋለች” ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በዳን ቫን አራት ቀን ነዳን። በረሃው የደረቀ ሐይቅ ነው፣ መሬቱ እንደ ተሰነጣጠቀ ተረከዝ ነው፣ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ነጭ ሜዳ ብቻ። ሰዉ በየድንኳኑ፣ ሮኬቱ በየዓይነቱ። እኔ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ስሄድ ሳቁብኝ፣ “ዝናብ የለም እኮ!” እያሉ። “ለፀሐይ ነው!” እላለሁ፣ አይገባቸውም። በሁለተኛው ቀን አፍንጫቸው ሁሉ ሲላጥ “ከየት ነው የገዛሽው?” ይሉኝ ጀመር።

የመጨረሻው ቀን ተራዬ ደረሰ። ከመተኮስሽ በፊት የምትመረምርሽ ካሮል የምትባል ሴት ናት፣ ሸበቶ፣ የማትስቅ፣ ያቺ ካልፈረመች ላይሰንስ የለም። ካሮል የሁሉን ሰው ሮኬት አትፈታም፣ ወረቀቱን ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ የሠራው ሰው ቃል ይበቃታል። መርፌን ጠረጴዛ ላይ አስተኛናት። ካሮል ገመዱን ሳበች፣ የጅራቷን ክንፎች አንድ በአንድ ነቀነቀች።

“እቤት ከመዘንሽው የተለወጠ ነገር አለ?” አለችኝ።

ዳን ከአጠገቤ ሆኖ ቀደም አለና፣ “አስካለን አሥራ አምስት ዓመት አውቃታለሁ። የሷ ስፌት አንዲት ነጥብ አይዘልም” አላት።

እኔም፣ “የለም፣ የተለወጠ የለም” አልኩ።

ዋሸሁ ሄለን። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ የመሰከረልኝ ሰው አፉ ሳይደርቅ ዋሸሁ። “አለ” ብል ዳን ሊያፍር ነው፣ እኔ ልዋረድ ነው፣ ላይሰንሱም ሊቀር ነው። ካሮል ምልክት አደረገችና “ሂዱ” አለችን።

መርፌን በፒክአፕ ጭነን ማስተኮሻው ብረት ጋ ሄድን። ሰዉ ከኋላ ራቅ ብሎ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሕፃናት አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ። ዳን ከጅራቷ፣ እኔ ከራሷ ይዘን ስናነሣት ዳን ቆም አለ፣ ተነፈሰ፣ ወገቡን ያዘ። “ጅራቷ ዛሬ ከበደኝ” አለኝ። “አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ አስካለ።”

ክው አልኩ። ያ ደግ ሰው፣ የኔን ጥፋት ዕድሜው ላይ አላከከው። ወደ ኋላ ዞሬ እነዚያን ሕፃናት አየሁ፣ አንዷ ቀይ ባርኔጣ አድርጋ እጇን ታውለበልብልኛለች።

“ዳን፣ አስቀምጣት።”

“ምን ሆንሽ? ፊትሽ ጠቆረ።”

“አላረጀህም። እኔ ነኝ ያስከበድኳት። ጅራቷ ውስጥ ዕቃ አለ። የጎረቤቶቼ ዕቃ።”

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የመርፌን ጅራት ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ “ለካሮል እኔ ልንገርልሽ?” አለኝ። “የለም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የምነግራትም እኔ ነኝ” አልኩት። ያን ሁሉ ሜዳ በእግሬ ተመለስኩ፣ ጃንጥላዬን እንኳ አልዘረጋሁም።

ካሮል ስትሰማ ጥቁር መነጽሯን አወለቀች።

“ለምን አስገባሽው?”

“እምቢ ማለት አፈርኩ።”

“እነሱን እምቢ ማለት አፈርሽ። እኔን መዋሸትስ?”

“እሱን አሁን ነው ያፈርኩት” አልኳት።

እኔ በሆዴ “አለቀልሽ አስካለ፣ አራት ቀን የመጣሽውን ባዶሽን ልትመለሺ ነው” አልኩ። ታዲያ ካሮል ሰዓቷን አየችና፣ “ሁሉንም አውጪ። እንደገና መዝኑ፣ እንደገና አንጠልጥሉ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ከሰልፉ መጨረሻ ትገቢያለሽ። ነፋሱ ከተነሣ ዘንድሮ የለም” አለች።

እንግዲህ መሬት ላይ ሸራ አነጠፍን፣ ጃንጥላዬን ተከልኩ፣ እና ሰው ሁሉ ከቦ እያየ፣ ከመርፌ ጅራት አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። ድንጋይ። ቁልፍ። ጫማ። የጠበል ጠርሙስ። ሰዉ “ይሄ ምንድነው? ያስ?” ይለኛል፣ እኔ ላብ እያጠመቀኝ “የጎረቤት ነው፣ እሱም የጎረቤት ነው” እላለሁ። አንዱ ሰውዬ የናሱን መስቀል በእጁ መዘነና “ይሄን ሊያወጣ የነበረው ሞተር የት ተገኘ!” አለ፣ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መጨረሻ ላይ ያቺ ግማሽ ክንፍ ቀረች። ምንም አትመዝንም፣ ብተዋት ማንም አያውቅም። ግን “ሁሉንም” ተብያለሁ፣ ከአሁን ወዲያ ደግሞ “አይታወቅም” የሚባል ነገር አልፈልግም። አወጣኋት። መሬት ላይ ማስቀመጡ ግን አልሆነልኝም፣ ደረቴ ላይ ሰካኋት።

አንጠልጥለን ስናያት መርፌ ቀዩ ክር ላይ እኩል ቆመች፣ ልክ እንደ እቤቱ። ካሮል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጥበቃ ነው። አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው ይተኩሳል፣ እኔ ነፋሱን የሚያሳየውን ባንዲራ ነው የማየው፣ ጨርቁ ላላ ሲል “ተመስገን”፣ ወጠር ሲል “ኧረ በስመአብ” እላለሁ። ሰማዩ የተፈቀደልን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ሩብ ጉዳይ ሲል ተጠራሁ።

ማይኩን ሰጡኝ፣ ባለቤቱ ነው የሚቆጥረው። ታዲያ ከድንጋጤዬ እንግሊዝኛው ጠፋኝ፣ “አምስት! አራት! ሦስት!” ብዬ ጀመርኩ። ሰዉ ግራ ገባው፣ ግን ቁጥር መሆኑ ገባቸው መሰለኝ “አንድ!” ላይ ስደርስ ሁሉም “አንድ!” አሉ። ቁልፉን ተጫንኩ።

መጀመሪያ ጭስ። ከዚያ ድምፁ ደረቴን መታኝ፣ ያቺን ክንፍ አንቀጠቀጣት፣ እና መርፌ ሄደች። ቀጥ ብላ ሄለን! በማስመሪያ እንዳሰመርሽው፣ ትንሽ እንኳ ሳትወዛወዝ። ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ወጣች። ጠፋች። ዳን በባይኖኩላር እያየ፣ “ትንሹ ፓራሹት ወጣ” አለ። ትልቁ የሚዘረጋው ወደ መሬት ስትቃረብ ነው፣ እስከዚያ እንደ ድንጋይ ነው የምትወርደው፣ ካልተዘረጋ ደግሞ ሁለት ዓመት ሥራዬ ስብርባሪ ነው። ትወርዳለች፣ ትወርዳለች፣ ዝም። “ተዘርጊ! የኔ እናት ተዘርጊ!” እያልኩ እጮሃለሁ፣ ካሮል ሁሉ ቀና ብላ ከንፈሯን ነክሳለች። ከዚያ “ጧ!” አለና ብርቱካንማው ጨርቅ ልክ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ተነፋ። እልል አልኩ። ብቻዬን፣ በረሃ መሃል፣ እልልልል! ሰዉ አጨበጨበ፣ ያቺ ቀይ ባርኔጣ ያደረገችው ልጅም እልልታዬን ልትደግም ሞከረች።

ካሮል መርፌ ያረፈችበት ድረስ አብራን መጣች። የጅራቷን ክንፎች በጣቷ ዳሰሰች፣ አንድም አልተሰነጠቀም። ከዚያ ፓራሹቱን ገለበጠችና ስፌቱን ታይ ጀመር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እያንዳንዷን ነጥብ።

“ይሄን ማነው የሰፋው?”

“እኔ።”

“በማሽን ነው እንዲህ እኩል የሆነው?”

“ማሽኑስ የሚነዳው ሰው አይፈልግም?” አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ደረቴን አየችና “እሱስ?” አለችኝ። “የጎረቤቴ ነው፣ አብራሪ ነው” አልኳት። ፈረመች። እጄን ጨበጠችኝና፣ “ከማስተኮሻው ብረት ላይ ‘መልሱኝ’ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ አይገጥመኝም” አለችኝ። ይኸው ወረቀቱ፣ እቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ የልጄን ዲፕሎማ ወደ ጎን አድርጌ ነው የሰቀልኩት።

አሁን ደግሞ ሌላው ፈተና። ተመልሰን፣ እሁድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ሰዉ ሁሉ ዕቃውን ሊቀበል ተሰብስቧል። የሺ ድንጋዩን የምታስቀምጥበት ነጭ ጨርቅ ሳይቀር ይዛ መጥታለች። “ሰማይ ደርሶ መጣ” ብል ማን ያውቃል? ዳን አማርኛ አይችል። ተነሣሁና ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ “ሮኬቷ ወጥታለች፣ ላይሰንሴን አግኝቻለሁ። ዕቃችሁ ግን አልወጣም። ሰው ሊጎዳ ነበር፣ አወጣሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መጀመሪያውኑ እምቢ ማለት ነበረብኝ” አልኩ።

የሺ በቀጭን ድምጿ፣ “ድንጋዬም?” አለች።

“ድንጋይሽማ ቀድሞ ነው የወጣው!”

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፣ የሺ ራሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እየጠራሁ አደልኩ፤ ሃያ አንዱንም። ሃያ ሁለተኛውን ኪስ፣ ክንፏን መልሼ ያስገባሁበትን፣ አልከፈትኩም፣ ቃሌ ነዋ። ከረጢቱን አጠፍኩና “አለቀ” አልኩ።

ያኔ ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ ታምራት ተነሡ። ያው ጨርቋን ልትጥል ነው ያሉኝ ጋሽ ታምራት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

“አላለቀም” አሉ። “አንድ ቀርቷል። የኔ ነው። ክንፌን አምጪ።”

ሰዉ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም ያችን ታሪክ፣ ያችን አንዲት ጠዋት፣ ለሁሉም ነገሩ። እኔ ክንፏን ሰጠኋቸውና፣ “ጋሽ ታምራት፣ አልወጣችም፣ ደረቴ ላይ ሆና ነው ያየችው” አልኳቸው። ትንሽ አገላበጧትና፣ “ደርሳ ካየች ይበቃታል” አሉ። እኔ እኮ ከላይሰንሱ ይልቅ በዚያች ቀን ነው የምኮራው፣ እሳቸውም ያውቁታል።

አንቺ ያን እሁድ ኮሌጅ ነበርሽ፣ ስለዚህ አልሰማሽም። ምነው፣ ምን ሆንሽ? ታለቅሻለሽ እንዴ?

“ኖ ዌይ… አባባ፣ ፓይለት ነበሩ? ለምን አልነገሩኝም?”

“ፓይለት አልነበርኩም፣ ተማሪ ነበርኩ። ተይ አታልቅሺ። ይልቅ ይቺ ሴትዮ ይሄን ሁሉ ስታወራ አንድ ነገር ደብቃሻለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሮኬቷን ስትተኩስ ያን ፓራሹት የሚያጥፍላት ማን እንደሆነ ጠይቂያት።”

“ማነው እትዬ?”

“እኔ ነኛ! መስፋት እንጂ ማጠፍ የት ታውቃለች! በበረራ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሩን ምን መሰለሽ? እሱን ነው። አንድም ቀን አልከሸፈባት።”

ሃሃሃ! ሰማሽ? የማይሰሙ መስለው ነው የሚሰሙት ብዬሽ ነበር እኮ፣ ጋዜጣው ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ገጽ አልተገለጠም! እውነታቸውን ነው፣ አንድም ቀን አልከሸፈም። ይኸው፣ ይሄንንም ቅጂልኝ።